አንዴክስ ገዳምና ቢራ መጥመቂያው፦ መራመድ ለሚቸግረው ጎብኚ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዴክስ በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ፣ አመርዜ ከሚባለው ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በኮረብታ ላይ የተቀመጠ የቤኔዲክታውያን መነኮሳት ገዳም ነው። ሙኒክና አካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆቻችን ለጥየቃ ሲመጡ «እዚህ አገር ገዳም የለም ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርምና አንዱ መልሳችን አንዴክስ ነው። ጉልበቱን የሚያመው፣ በክራንች ወይም በሮላቶር (ጎማ ባለው መደገፊያ) የሚሄድ፣ አለዚያም ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ይዞ የሚወጣ ግን አስቀድሞ ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። እናቴን በዊልቸር ይዤ በወጣሁበት ጊዜ የተማርኩትን ጨምሬ፣ ከዚያ ወዲህ ሰዎች ለሚያቀርቡልኝ ጥያቄዎች መልሱን ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቦታው ይህን ያህል የሚደከምለት ነውን?

አዎን፣ ይደከምለታል። በኮረብታው ላይ ቀድሞ የነበረው የአንዴክስ መሳፍንት ግንብ ነው፤ ግንቡ በ13ኛው መቶ ዘመን ከፈረሰ በኋላ፣ በ1388 በጸሎት ቤቱ መሠዊያ ሥር ተሰውረው የቆዩ ንዋያተ ቅድሳት ተገኙ። ከእነርሱም ዋነኞቹ ሦስት ቅዱሳት ኅብስቶች ሲሆኑ፣ ትውፊቱ ሁለቱን ከሮም ሊቃነ ጳጳሳት ከታላቁ ጎርጎርዮስ፣ አንዱን ከልዮን 9ኛ ዘመን ጋር ያያይዛቸዋል። በ1455 መስፍኑ አልብሬሽት 3ኛ የቤኔዲክታውያንን ገዳም በዚያ መሠረተ። በ1803 የባቫሪያ መንግሥት ገዳማትን ሲወርስ አንዴክስም ተዘጋ፤ ንጉሥ ሉድቪግ 1ኛ በ1846 ገዝቶ፣ በ1850 ሙኒክ ውስጥ ላቋቋመው ለቅዱስ ቦኒፋስ ገዳም መተዳደሪያ እንዲሆን ሰጠው። ዛሬም ቢራ መጥመቂያው የመነኮሳቱ ነው። ስሙን ለኩባንያ አከራይቶ የሚኖር ገዳም ባለመሆኑ፣ ከቢራው የሚገኘው ገቢ ሙኒክ ውስጥ ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚደረገውን እርዳታ ጭምር ይደግፋል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ኮረብታ ለዘመናት ድውያን በተስፋ ሲወጡበት የኖረ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መነኮሳቱ የሚተዳደሩበት የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት፣ የተጻፈው በ6ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ እንግዳን ክርስቶስን እንደሚቀበሉ አድርገው እንዲቀበሉ፣ ለድውያንም ከሁሉ አስቀድመው እንዲያስቡ ያዝዛል። ስለዚህ መራመድ የሚቸግረው ሰው ወደ አንዴክስ ሲሄድ አስቸጋሪ እንግዳ እንደሆነ ሊሰማው አይገባም።

ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብኝ ነገር ምንድን ነው?

ዳገቱን ነው። ቦታው «ቅዱስ ተራራ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገዳሙ ከሐይቁ ከ150 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። በአውቶቡስም በመኪናም የሚመጣ ጎብኚ የከፍታውን አብዛኛውን ክፍል ተቀምጦ ይጨርሰዋል፤ የመኪና ማቆሚያውና የአውቶቡስ ፌርማታው ግን ከገዳሙ ግርጌ በመሆናቸው የመጨረሻው ዳገት ይቀራል። መንገዱ ጥርጊያ ያለው ነው፤ ሆኖም ለጤነኛ ሰው የጥቂት ደቂቃ መንገድ የሆነው፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የቀኑ ትልቁ ሥራ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያው ጉዞአችን የሠራሁት ስህተት ይህን መንገድ እዚያው ደርሼ እወስናለሁ ማለቴ ነበር። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ደረስን፤ ሕዝቡ ሽቅብም ቁልቁልም ይጎርፋል፤ እናቴ መኪናው አጠገብ ቆማ ዳገቱን አየችውና «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» አለች። ሽማግሌ ይዞ የሚጓዝ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። በዚያ ቀን ተመለስን፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ከቤት ሳንወጣ ወደ ገዳሙ ደውዬ ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ መራመድ የማይችል ሰው በመኪና እስከ ላይ ደርሶ መውረድ ይፈቀድለት እንደሆነ፣ ደረጃ የሌለበት መግቢያ በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ ለዊልቸር የሚሆነው መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ። ማንኛውም ጎብኚ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በዋዜማው እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ግንባታና የበዓል ዝግጅት በየጊዜው መንገድ ስለሚያስቀይር የአምናው መልስ ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ከሙኒክ በባቡር መሄድ ይቻላል?

ይቻላል። ኤስ 8 የሚባለው የከተማ ባቡር ከሙኒክ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ፣ መሀል ከተማውን አቋርጦ፣ ሄርሺንግ በምትባለው የሐይቅ ዳር ከተማ ያበቃል፤ ከመሀል ሙኒክ ሄርሺንግ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሄርሺንግ የመጨረሻ ጣቢያ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ባቡሩ ስለሚቆም ለመውረድ መጣደፍ አያስፈልግም። ከዚያ ወደ ገዳሙ የሚወስድ የሕዝብ አውቶቡስ አለ። ሹፌሩ መወጣጫውን እንዲዘረጋ ለማድረግ አውቶቡሱ ሲቃረብ ከፊት ሆኖ በግልጽ መታየት፣ ዊልቸሩንም በመካከለኛው በር በኩል ማስገባት የተለመደው አካሄድ ነው።

ከሄርሺንግ ተነሥቶ ኪንታል በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ወደ ገዳሙ የሚወስደውን የእግር መንገድ ብዙ ሰዎች ያሞግሱታል። ውብ መሆኑ እውነት ነው። ለዊልቸርና ለሮላቶር ግን አይሆንም፤ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ የጫካ ዳገት ነውና ማንም ቢያግባባችሁ አትሞክሩት።

የጀርመን የአካል ጉዳተኛ መታወቂያ ያለው ሰው ምን ጥቅም ያገኛል?

መታወቂያው ላይ የሚጻፉት ፊደላት ናቸው ጥቅሙን የሚወስኑት። «ጌ» (G) የሚለው ምልክት መራመድ በእጅጉ የሚቸግረውን ሰው፣ «አ ጌ» (aG) የሚለው ደግሞ ከዚያ የባሰ ችግር ያለበትን ሰው ያመለክታል፤ እነዚህ ምልክቶች ያሉት ሰው ቬርትማርከ የሚባለውን ዓመታዊ ቴምብር ካወጣ ኤስ ባቡሩንም አውቶቡሱንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሳፈራል። «ቤ» (B) የሚል ምልክት ካለበት አብሮት የሚሄደው ረዳትም አይከፍልም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን መብት ሳያውቁ ለዓመታት ትኬት ሲገዙ ስለማይ ነው እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የማነሣው።

«አ ጌ» ያላቸውና ዓይነ ስውራን ከዚህ ሌላ ሰማያዊውን የአውሮፓ የመኪና ማቆሚያ ካርድ ከሚኖሩበት ከተማ ጽሕፈት ቤት ማውጣት ይችላሉ። ካርዱ ለሰውየው እንጂ ለመኪናው አይሰጥም፤ በመሆኑም ወላጁን በማንኛውም ሰው መኪና ቢወስዱት ይሠራል፣ እርሱ ከሌለ ግን አይሠራም። ከኢትዮጵያ በጉብኝት ቪዛ የመጣ ወላጅ እነዚህ መታወቂያዎች አይኖሩትም። ለእርሱ የሚጠቅመው ሌላ መብት ነው፦ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሰጠው የዊልቸር እርዳታ ነጻ ሲሆን፣ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ማሳወቅ ብቻ ያስፈልጋል።

እናቴ «ዊልቸር ላይ አልቀመጥም» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው፣ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ሲሄድ ክብሩን ይዞ ነው፤ ልጁ እየገፋው በሰው መካከል ማለፍ ግን ለብዙዎቹ «ደከመ፣ አለቀለት» እንደመባል ነው። ስለዚህ በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ ቢቻልም ደግ አይደለም።

ለእኛ የሠራልን መንገድ ዊልቸሩን የእርሷ ሳይሆን የጉዞው ዕቃ ማድረግ ነበር። ሲነሣ ጋቢዋንና ውኃውን ጫንበት፤ እርሷ ምርኩዟን ይዛ፣ በሌላው እጇ የወንበሩን እጀታ ተደግፋ ጀመረች። ከዳገቱ ሲሶ ያህል እንደሄደች ቆመች፤ እኔም ምንም ሳልናገር ፍሬኑን ይዤ ወንበሩን በጎኗ አቆምኩት። «እስቲ ትንሽ ልረፍ» ብላ ተቀመጠች። ለመግፋት ከመነሣቴ በፊት «እማዬ፣ ልሂድ?» ብዬ ጠየቅኋት። ይህች ጥያቄ ቀላል መስላ ትታይ ይሆናል፤ ሰው ሳይጠይቁ ወንበሩን መግፋት ግን ሳይጠይቁ እጁን ይዞ እንደመጎተት ነው። ከላይ ስንደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነሥታ በምርኩዟ ገባች።

ዊልቸርን በዳገትና በቁልቁለት ለመግፋት ምን ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

በመጀመሪያ ጉልበትን መገመት ነው። የጀርመን የግንባታ ደንብ ለዊልቸር የሚሠራ መወጣጫ ከ6 በመቶ በላይ እንዳያዘነብል፣ በየ6 ሜትሩም ማረፊያ እንዲኖረው ያዝዛል። ሰውየውና ወንበሩ በድምሩ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በ6 በመቶ ዳገት የሚገፋው ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት ሳያቋርጥ ወደ ላይ እንደመያዝ ነው፤ ዳገቱ 12 በመቶ ሲሆን ይህ እጥፍ ይሆናል። ለምዕመናን እግር የተጠረገ የኮረብታ መንገድ የግንባታ ደንብ አይጠብቅም። ስለዚህ ለአንድ ዊልቸር ሁለት ገፊ ይኑር፤ የሚለዋወጡትም ሳይደክማቸው ይሁን።

ድንጋይ በተነጠፈበት ቦታ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ስንጥቅ ውስጥ ይገቡና ወንበሩ ቀጥ ይላል፤ የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ተወርውሮ የሚወድቀውም በዚህ ጊዜ ነው። መፍትሔው ከኋላ ያለውን ትንሽ ብረት በእግር ረገጥ አድርጎ ፊቱን ከፍ በማድረግ በትልልቆቹ የኋላ ጎማዎች ብቻ ማለፍ ነው፤ ይህን ከማድረጋችሁ በፊት «ወደ ኋላ ላዘንብልዎ ነው» ብሎ መንገር ያሻል። ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ በቁልቁለቱ መጨረሻ ያለውን መንገድ አይታችሁ ወንበሩን አዙሩት፤ ገፊው ጀርባውን ወደ ታች ሰጥቶ በዝግታ እያፈገፈገ፣ የተቀመጠው ሰው ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ ይውረድ። ክብደቱ የወንበሩ ጀርባ ላይ ስለሚያርፍ ተንሸራቶ የመውደቅ ሥጋት ይቀንሳል። በክራንች የሚሄድ ሰው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ እንደሚጎዳው ያውቀዋልና ለመውረጃው ጉልበት ይቆጥብ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ምን ይጠብቀናል? ለረጅም ጊዜ መቆም ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። በአገራችን ቅዳሴ መቋሚያ ተደግፎ ሰዓታት መቆም የለመደ ሰው እዚህ የሚያገኘው ከዳር እስከ ዳር የተደረደረ አግዳሚ ወንበር ነው፤ ጫማም አይወልቅም። ዊልቸሩን በመካከለኛው መተላለፊያ ዳር፣ የሰው መንገድ ሳይዘጉ ማቆም ይቻላል። የጸሎት ሰዓት ከሆነ ግን መዞርና ፎቶ ማንሣት ይቅርና ተቀምጦ መከታተል ነው የሚገባው።

ተቀምጦ ማየት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ጉድለት አይሆንም። ገዳሙ 300ኛ ዓመቱን ለማክበር በ1751 እና በ1755 መካከል ሕንጻውን ሲያድስ፣ ጣሪያውን ያስዋበው ዮሐን ባፕቲስት ሲመርማን ነበር፤ ሥዕሉ ከላይ፣ ቅርጹም ከላይ በመሆኑ ቆሞ አንገቱን ከሚያንጋጥጠው ይልቅ ተደግፎ የተቀመጠው ይደላዋል። መሠዊያው ሁለት ደርብ አለው፤ በሁለቱም ላይ የእመቤታችን ምስል ይታያል፣ ከታች በዙፋን ተቀምጣ፣ ከላይ ቆማ። እናቴ ሁለቱን ለይታ ካየች በኋላ ነበር ረጅሙን ጸሎቷን የጀመረችው። የሙዚቃ ደራሲው ካርል ኦርፍ በ1982 ካረፈ በኋላ የተቀበረውም እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለው የጸሎት ክፍል ነው።

ማማው ላይ መውጣት ይቻላል?

በደረጃ ብቻ ነው የሚወጣው። መራመድ ለሚቸግረው ሰው አይሆንም።

ቢራ መጥመቂያውን መጎብኘትስ?

የዘመኑ መጥመቂያ ያለው ከኮረብታው ግርጌ ስለሆነ ከዳገቱ ጋር አይገናኝም፤ ጉብኝቱ ግን በአስጎብኚ፣ አስቀድሞ በተያዘ ቀጠሮ የሚደረግ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ «ከመካከላችን ዊልቸር የሚጠቀም አለ» ብሎ መናገር ይገባል፤ የቢራ ፋብሪካ በባሕርይው ለመራመድ አመቺ አይደለምና። ወለሉ በየጊዜው ስለሚታጠብ እርጥብ ነው፤ በጋኖቹ መካከል የብረት ደረጃዎች ይኖራሉ፤ ብቅሉ ከሚፈላበት ሙቅ ክፍል ቢራው ወደሚያርፍበት ቀዝቃዛ ክፍል ሲገባ የሙቀቱ ለውጥ መገጣጠሚያ የሚያመውን ሰው ይቆረጥመዋል። አስጎብኚዎችም ቡድኑን ይዘው የሚሄዱት በጤነኛ ሰው እርምጃ ነው። የጉብኝቱን አንድ ክፍል ብቻ ማየት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ አያሳፍርም።

ጠላ ጠምቀው ላደጉ እናቶች አሠራሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። ገብሱ በቅሎ ብቅል ይሆናል፣ ይፈጫል፣ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ይፈላል፣ ይጠነሰሳል። ልዩነቱ መራራውን የሚሰጠው ጌሾ ሳይሆን ሆፕስ የሚባለው የሐረግ አበባ መሆኑ ነው። በባቫሪያ በ1516 የወጣው የታወቀ ደንብ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት አዝዟል። እናቴ ይህን ስትሰማ «እርሾውንስ?» ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ ትክክል ነበር፣ በዚያ ዘመን እርሾ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀምና ደንቡ ላይ አልተጻፈም።

ምግቡና መጠጡ የት ይቀርባል? በክራንች ለሚሄድ ሰው የሚሻለው የቱ ነው?

ሁለት ቦታ አለ። ብሮይሽቲበርል የሚባለው የገዳሙ ቢራ ቤት ሰው ተሰልፎ ራሱ የሚያነሣበት ነው፤ ክሎስተርጋስትሆፍ የሚባለው ምግብ ቤት ግን አስተናጋጅ ጠረጴዛ ድረስ ያቀርባል። ሁለት እጁ ክራንች የያዘ ሰው ትሪ መሸከም አይችልም፤ ማስ የሚባለው የአንድ ሊትር ብርጭቆም ሲሞላ ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ስለዚህ ሁለተኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል። አብሮት ሰው ካለ ግን ቢራ ቤቱ ሞቅ ያለ ነው፤ ከሰገነቱ ሰማዩ ሲጠራ የአልፕስ ተራሮች ይታያሉ።

ምግቡ በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ መሆኑን ለወላጆች አስቀድሞ መንገር ይገባል። የማይበሉ ሰዎች ፕሬትስል የሚባለውን ዳቦ፣ አይብና ድንች ያገኛሉ፤ በጾም ወቅት ደግሞ ከቤት ትንሽ ስንቅ መያዝ ጥሩ ነው።

ስለ ቢራው አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። የአንዴክስ ስመ ጥር ጥቁር ቢራ ዶፔልቦክ 7.1 በመቶ አልኮል አለው። ይህ ዓይነቱ ቢራ መነሻው በ17ኛው መቶ ዘመን ሙኒክ ውስጥ የነበሩ መነኮሳት ለዐቢይ ጾም የጠመቁት እንደ ምግብ የሚያጠግብ መጠጥ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ጥንካሬው ቶሎ አይታወቅም። መራመድ የሚቸግራቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሕመም ማስታገሻ፣ የደም ግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ለእነዚህ ሰዎች መጠጣት አለመጠጣታቸውን የሚወስነው ሐኪማቸው ነው። ማንኛውም ሰው ቢሆን ቁልቁለቱ ገና እንደሚቀረው አይርሳ። አልኮል የሌለበት የስንዴ ቢራም ገዳሙ ይጠምቃል።

መጸዳጃ ቤትን በተመለከተ ምን ማዘጋጀት አለብኝ?

በጀርመን በአውራ ጎዳና ዳርና በብዙ ከተሞች ያሉት የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤቶች የሚከፈቱት ኦይሮሽሉሰል በሚባል አንድ ወጥ ቁልፍ ነው። ከ1986 ጀምሮ ዳርምሽታት ከተማ ያለ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ያሰራጨዋል፤ ማኅበሩ የሚጠይቀው ዓይነት የአካል ጉዳተኛ መታወቂያ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ከፍሎ ከገዛው ዕድሜ ልኩን ይገለገልበታል። ለአንዴክስ ጉዞ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ጉዞ የሚጠቅም ቁልፍ ነው።

የትኛው ቀንና ወቅት ይመረጣል?

የሥራ ቀን ጠዋት። እሑድና በዓል፣ በተለይ በግንቦትና በበጋው ፀሐይ፣ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ዊልቸር ማዞሪያ አይገኝም። በክረምት በረዶ፣ በመጸው እርጥብ ቅጠል ዳገቱን ያንሸራትቱታል፤ የክራንቹን ጫፍ ላስቲክ ከመነሣታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት፣ ካለቀ ቀይሩት።

ዳገቱ ጨርሶ የማይቻል ከሆነ ሌላ ምን አማራጭ አለ?

ሄርሺንግ ላይ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ረጅምና ሜዳ የሆነ የሐይቅ ዳር መሄጃ አለ፤ ቤተሰብ ተከፋፍሎ አንዱ ወገን ሲወጣ ሌላው እዚያ መቆየት ይችላል፣ ወላጁ ራሱ ይህን ከመረጠ።

ገዳምና ቢራ መጥመቂያን አንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በዚያው በባቫሪያ፣ ኬልሃይም አጠገብ፣ ቬልተንቡርግ የሚባል ገዳም በዳኑብ ወንዝ መታጠፊያ ላይ አለ። ቢራ የተጠመቀበት ከ1050 ጀምሮ እንደሆነ ይነገራል። ከኬልሃይም በመርከብ የሚኬድ ሲሆን በሁለት ወገን ገደል መካከል የሚያልፈው ጉዞ ተቀምጠው የሚያዩት ነው፤ ገዳሙም በወንዙ ዳር እንጂ በተራራ አናት ላይ አይደለም። የወንዙ ውኃ ሲሞላ ወይም ሲጎድል መርከቡ ስለሚቋረጥ፣ መርከቡ ዊልቸር ማሳፈሩንም ጨምሮ በዋዜማው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በወንዙ ዳር ያለው ጠጠርም ለጎማ አስቸጋሪ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በቅዱስ ጊዮርጊስና በቅዱስ ማርቲን ስም የተሰየመ ሲሆን፣ ያነጹትና ያስዋቡት በ18ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አዛም የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በዋናው መሠዊያ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ከኋላው ከተሰወረ መስኮት ብርሃን ይፈስበታል፤ ይህን ለማየት ከመግቢያው ጀምሮ በመካከለኛው መተላለፊያ ፊት ለፊት መሆን ስለሚሻል ዊልቸሩን ከኋለኛው ወንበር አጠገብ፣ በመካከል በኩል አቁሙት።